ለጣዕረ ሞት አሻንጉሊት የሚሆን ርካሽ ሞተር ስለ መምረጥ

በአሜሪካ አገር ሃሎዊን የሚባለው በዓል በየዓመቱ ኦክቶበር 31 ቀን፥ በእኛ አቈጣጠር ጥቅምት 21 ቀን ግድም፥ በምሽት ይከበራል። በዚያን ምሽት ሕፃናት ልዩ ልዩ መልክ ያለው ልብስ ለብሰው ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ከረሜላ ይቀበላሉ፤ ባለቤቶቹም ደጃፋቸውን በተፈለፈለ ዱባና በጣዕረ ሞት ምስል አስጊጠው ይጠብቋቸዋል። ልጆቻቸው ወይም ወንድሞቻቸው በዚያ አገር የሚኖሩ አንባቢዎቻችን ብዙዎች ናቸውና፥ ነገሩ ለቤተ ሰቡ እንግዳ አይሆንም። አባትና ልጅ አብረው የሠሩት የሚንቀሳቀስ ጣዕረ ሞት ከሱቅ ከሚገዛው ይልቅ የሚወደድ ስለ ሆነ፥ ለዚሁ ሥራ የሚበቃው ርካሽ ሞተር እንዴት እንደሚመረጥ ዛሬ ለመግለጥ አስበናል።

አስቀድመን የአሠራሩን ነገር እንናገር። የአሻንጉሊቱ ራስ ከቀላል ፎም፥ ትከሻውና እጆቹ ከልብስ መስቀያ ሽቦ፥ ልብሱም ከሳሳ ነጭ ሻሽ ይሠራል፤ ክብደቱም ከግማሽ ኪሎ ባይበልጥ መልካም ነው። ከበላዩ በጣውላ ክፈፍ ላይ ሞተሩ ይታሰራል፤ በሞተሩም ዘንግ ላይ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል የምትረዝም ክንድ ትገጠማለች። ከክንዲቱ ጫፍ 3 ጥቁር የዓሣ ማጥመጃ ክሮች ተነሥተው በክፈፉ ላይ ተራርቀው በተተከሉ 3 ቀለበቶች ውስጥ ያልፉና፥ አንዱ ከራሱ፥ ሁለቱ ከሁለቱ እጆቹ ጋራ ይታሰራሉ። ክንዲቱ በዞረች ቍጥር ወደ አንዱ ቀለበት ስትቀርብ ከሌላው ትርቃለችና፥ ራሱና እጆቹ በየተራ ከፍና ዝቅ ይላሉ፤ በጨለማ ለሚመለከተውም ሰው በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ይመስለዋል።

እንግዲህ ብዙ ሰው ሞተር ሲፈልግ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ኃይሉ ነው። እኛ ግን አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ስለ ዝግታው ነው እንላለን። ይህንም ያስተማረን በዓይናችን ያየነው ነገር ነው።

በ2017 ዓ.ም. በሜሪላንድ በሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ በሚኖር አንድ ወዳጃችን ቤት በእንግድነት ሳለን፥ እርሱ ከአሮጌ መኪና የተፈታ የዝናብ መጥረጊያ ሞተር በጥቂት ዋጋ ገዝቶ መጣ። ሞተሩ ብርቱ በመሆኑ ደስ ብሎት ክሮቹን አሰረና የ12 ቮልቱን ኃይል በሙሉ ለቀቀበት። ጣዕረ ሞቱም መንሳፈፉን ትቶ እግሯ እንደ ተያዘ ዶሮ ይራገብ ጀመር። ወዲያው አንዱ ክር ከቀለበቱ ጋራ ተጠላለፈ፤ ሞተሩ ግን አልቆመም፤ ቀለበቱን ከነቡሎኑ ከጣውላው ነቅሎ ወሰደው። የ6 ዓመት ልጁ ክሩን ለማላቀቅ እጇን ሰድዳ ነበርና፥ አባቷ ሶኬቱን በነቀለ ጊዜ ክሩ ከጣቷ የቀረው አንድ ጋት ብቻ ነበረ። ልጅቱ አልተጐዳችም፤ ነገር ግን በዚያ ማታ ወደ በረንዳው አልወጣም አለች።

ከዚህ የምንረዳው፥ ኃይል ሲበዛ ጥፋቱም የሚበዛ መሆኑን ነው። ጣዕረ ሞት በሚገባ ተንሳፈፈ የሚባለው ክንዲቱ አንድ ዙር ለመጨረስ 4 ወይም 6 ሰከንድ ያህል ስትወስድ ነው፤ ይኸውም በደቂቃ ከ10 እስከ 15 ዙር ማለት ነው። የመኪና ዝናብ መጥረጊያ ሞተር ግን በ12 ቮልት በደቂቃ ከ40 ዙር በላይ ይዞራል። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፥ ለዚህም ሥራ የሚያስፈልገው ዝግታ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመን የምንመክረው፥ በውስጡ ጥርስ ያላቸው መንኰራኵሮች ያሉበትን ትንሽ የ12 ቮልት ሞተር ነው። በላዩ በደቂቃ 10 ወይም 15 ዙር የሚል የተጻፈበትን መርጦ፥ ቮልቱና አምፔሩ ከሚስማማ አዳፕተር ጋራ ማገናኘት ይበቃል። ዋጋው ጥቂት ነው፤ ቮልቱም ዝቅተኛ ስለ ሆነ ልጆች በሚመላለሱበት ደጃፍ ከሌላው ይልቅ አያሠጋም።

የመጥረጊያውን ሞተር አስቀድሞ የገዛ ሰው ቢኖር መጣል አያስፈልገውም። ከ12 ቮልት ይልቅ 5 ቮልት ቢሰጠው ፍጥነቱ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ነገር ግን ብዙ አምፔር ስለሚስብ የስልክ ቻርጀር አይችለውም፤ የአሮጌ ኮምፒዩተር ኃይል ማከፋፈያ ግን ይችለዋል። ደግሞ ከብዙዎቹ ከእነዚህ ሞተሮች የብረት አካሉ ራሱ እንደ አንድ ሽቦ ሁኖ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና፥ ከሌላ ብረት ጋራ እንዳይነካካ በጣውላ ላይ ማሰር ይገባል።

ገንዘብ ለማውጣት የማይፈልግ ሰው፥ በገና ሰሞን በግቢ የሚቆሙትንና አንገታቸውን የሚያወዛውዙትን የመብራት አጋዘኖች ይመልከት። መብራታቸው ተበላሽቶ በሚጣሉበት ጊዜ በውስጣቸው ያለው ዝግተኛ ሞተር ብዙ ጊዜ ደኅና ነው። የሥጋ መጥበሻ ዘንግ የሚያዞረውም ሞተር ብርቱ ነው፤ ሆኖም እጅግ ስለሚዘገይ፥ ራሱን ቀስ ብሎ ለሚያዞር ምስል እንጂ ለሚንሳፈፍ አይስማማም።

የማይክሮዌቭ ሳሕን የሚያዞረው ትንሽ ሞተር ርካሽ መሆኑ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ሁለት ማስጠንቀቂያ አለን። ፊተኛው፥ ከእነዚህ ሞተሮች አንዳንዱ በ120 ቮልት፥ አንዳንዱ በ21 ቮልት የሚሠራ ስለ ሆነ፥ የተጻፈበትን ሳያነቡ ከግድግዳ ሶኬት ጋራ ማገናኘት አይገባም። ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል። ሞተሩን ለማውጣት ብሎ የማይክሮዌቩን ሣጥን ማንም አይክፈት፤ በውስጡ ያለው ኤሌክትሪክ የሚያከማች ዕቃ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ እንኳ ሰው ሊገድል የሚችል ኃይል ይዞ ይቈያልና። የሚፈልገው ሰው ሞተሩን ለብቻው አዲስ ይግዛ።

የተመረጠው ሞተር ቢደክም ሌላ ብርቱ ሞተር ከመግዛት በፊት ሁለት ነገር ይሞከር፤ ክንዲቱን ማሳጠርና አሻንጉሊቱን ማቅለል። የክንዲቱ ርዝመት በግማሽ ቢቀነስ ሞተሩ የሚሸከመው ጫና እንዲሁ በግማሽ ይቀንሳል። ክፈፉም ልጅ እጁን ቢዘረጋ በማይደርስበት ቁመት ይሰቀል፤ ማጥፊያው አዋቂ ሰው በሚደርስበት ስፍራ ይሁን። በደጅ የሚሰካውም ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ኃይሉን ወዲያው በሚያቋርጥ ሶኬት ላይ ይሁን፤ አዳፕተሩም ከዝናብ ይጠበቅ።

ወዳጃችን በማግስቱ ያን ብርቱ ሞተር አንሥቶ፥ በደቂቃ 12 ዙር የሚዞር ትንሽ የ12 ቮልት ሞተር አገባበት። የተነቀለውን ቀለበት መልሶ ሲያጠብቅ ልጅቱ በሩን በትንሹ ከፍታ ታየው ነበር። ጣዕረ ሞቱ እጆቹን በየተራ እያነሣ መንሳፈፍ በጀመረ ጊዜ ወጥታ ከአባቷ ኋላ ቆመችና፥ ክንዲቱ ስትዞር ዙሩን አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት እያለች ትቈጥር ጀመር። በበዓሉም ምሽት የጎረቤት ሕፃናት ፈርተው ወደ ኋላ ሲሉ፥ እጃቸውን ይዛ እየሳበች፥ «አትፍሩ፤ እኔና አባቴ ነን የሠራነው» ትላቸው ነበር።