የሚሸጠው ዳገቱ ነው

ባለአራት ጎማ ሞተር ሳይክል ለመዝናኛ ማቅረብ የሚያስብ ነጋዴ ገንዘቡን ሁሉ በሞተሩ ላይ ማፍሰስ ይቀናዋል። ደንበኛውን የሚመልሰው ግን መንገዱ ነው።

የአሜሪካው ዌስት ቨርጂኒያ ግዛት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣ ሕግ የተቋቋመው የሃትፊልድ-ማኮይ ባለሥልጣን በ2000 መክፈት የጀመራቸው የተራራ መንገዶች ዛሬ ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ሆነዋል። መሬቱ በአብዛኛው የግል ኩባንያዎች ነው፤ አሽከርካሪው የመግቢያ ፈቃድ ይገዛል። መንገዶቹም በክብደታቸው ተለይተዋል፦ አረንጓዴ ለጀማሪ፣ ሰማያዊ ለመካከለኛ፣ ጥቁር ልምድ ላለው።

የገበያው ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። ሁሉም ሜዳ ከሆነ ደንበኛው ሁለተኛ አይመጣም፤ ሁሉም ገደል ከሆነ ጀማሪው ይሸሻል። አረንጓዴውን የጨረሰ ግን ሰማያዊው ያጓጓዋል።

ይሁን እንጂ ፈተና ማለት ጭቃ ማለት አይደለም። ውኃ የሚተኛበት መንገድ ጎማ በረገጠው ቁጥር ይቦረቦራል፤ የጥገናው ወጪም ትርፉን ይበላል። ጠመዝማዛው፣ ዳገቱና ቋጥኙ ታስቦበት ሲመረጥ፣ ጎርፉም ወደ ጎን እንዲወርድ ሲደረግ ያው ኮረብታ ለዓመታት ይሸጣል። ስለዚህ ባለሀብቱ ሞተር ከማዘዙ በፊት መንገዱን ያበጅ።