ካፉን የረሳ የብራዚል ፍቅር

የዓለም ዋንጫ ሲመጣ ባህር ዳር ላይ ቢጫ ማሊያ ይበዛል። ብራዚል የምትጫወት ዕለት በዲኤስቲቪ ቤቶች ወንበር የሚያዘው ገና በጊዜ ነው፤ ከተሸነፈች ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያኮርፋል። ይህ ፍቅር ከፔሌ ዘመን ጀምሮ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ነውና የሚነቀፍበት ምክንያት የለም። ሊነቀፍ የሚገባው አብሮት የተጣበቀው ሐሳብ ነው፦ «እኛም እንደ ብራዚል ነን። ኳስ እንችላለን፣ እንቀባበላለን፣ እናታልላለን። መከላከል ግን ተፈጥሯችን አይደለም፤ ቁመቱም ጉልበቱም የለንም።» ከሽንፈት በኋላ አሠልጣኝ ይህን ይላል፣ ጋዜጠኛ ይደግመዋል፣ ደጋፊውም አምኖ ወደ ቤቱ ይገባል።

ሐሳቡ በሁለት በኩል ስህተት ነው። ብራዚልን አያውቃትም፤ ኢትዮጵያዊውን ተጫዋች ደግሞ ያሳንሰዋል።

ብራዚል የዓለም ዋንጫን አምስት ጊዜ ወስዳለች። ዋንጫውን የተቀበሉት አምበሎች እ.ኤ.አ. በ1958 ቤሊኒ፣ በ1962 ማውሮ ራሞስ፣ በ1970 ካርሎስ አልቤርቶ፣ በ1994 ዱንጋ፣ በ2002 ካፉ ነበሩ። ቤሊኒና ማውሮ የመሐል ተከላካዮች፣ ካርሎስ አልቤርቶና ካፉ የቀኝ መስመር ተከላካዮች ናቸው። ዱንጋም ቢሆን ከተከላካዮቹ ፊት ቆሞ የተጋጣሚን ጥቃት የሚያፈርስ አማካይ ነበር። ከአምስቱ አንድም አጥቂ የለም። የ1994ቱ ቡድን በ7 ጨዋታ የተቆጠረበት 3 ጎል ብቻ ነው፤ ሮናልዶ 8 ጎል ያገባበት የ2002ቱ ቡድን ደግሞ በ7 ጨዋታ 4 ብቻ። ያ ቡድን ሉሲዮን፣ ኤድሚልሰንንና ሮኬ ጁኒየርን ከኋላ አሰልፎ ሦስት የመሐል ተከላካይ ይዞ የተጫወተ መሆኑን ዛሬ ስለ ሮናልዶ ፀጉር ቁርጥ ከሚያወራው ሰው ስንቱ ያስታውሳል?

የካፉን የእግር ኳስ ሕይወት ከመጀመሪያው መከተል ይጠቅማል። ያደገው በሳኦ ፓውሎ ዳርቻ ጃርዲም ኢሬኔ በሚባል የድሆች ሰፈር ነው። በልጅነቱ ለሙከራ የሄደባቸው ክለቦች ደጋግመው መልሰውታል። በመጨረሻ የተቀበለው የሳኦ ፓውሎ ክለብ ሲሆን፣ እዚያ ያገኘው አሠልጣኝ ቴሌ ሳንታና አማካይ ሆኖ ይጫወት የነበረውን ወጣት ወደ ቀኝ መስመር ተከላካይነት አዞረው። ከዚያ በኋላ በ1992 እና በ1993 የደቡብ አሜሪካ ክለቦችን ዋንጫ አነሳ፤ በ1994 የአህጉሩ ኮከብ ተጫዋች ተባለ። ከሮማ ጋር በ2001፣ ከሚላን ጋር በ2004 የጣሊያን ሻምፒዮን ሆነ። ለብራዚል 142 ጊዜ ተሰልፏል፤ በሦስት የዓለም ዋንጫ ፍጻሜዎች የተጫወተም እሱ ብቻ ነው። በ2002 ዮኮሃማ ላይ ዋንጫውን ከፍ ሲያደርግ ማሊያው ላይ የሰፈሩን ስም ጽፎ ነበር።

አሠልጣኙ ቴሌ ሳንታና መሆኑ በአጋጣሚ ብቻ የሚታለፍ ነገር አይደለም። በ1982 ዚኮን፣ ሶቅራጥስንና ፋልካኦን ይዞ ስፔን የሄደው እሱ ነው። ያ ቡድን እስካሁን በውበቱ ይወደሳል፤ የእኛ ሰው «የእኛ ዓይነት ኳስ» ሲል የሚያስበውም ያንን ቡድን ይመስላል። ባርሴሎና ላይ ከጣሊያን ጋር አቻ መውጣት ይበቃው ነበር። ሁለት ጊዜ አቻ ከሆነ በኋላ ጥንቃቄውን ትቶ ሲያጠቃ ፓኦሎ ሮሲ ሦስተኛውን አገባበትና 3 ለ 2 ተሸንፎ ወደ አገሩ ተመለሰ። ብራዚል ከዚያ በኋላ ያነሳቻቸው ሁለት ዋንጫዎች የኋላውን መስመር አጥብቀው በያዙ ቡድኖች የመጡ ናቸው። እኛ ከ1982ቱ ውበቱን ወሰድን እንጂ ትምህርቱን አልወሰድንም።

ዋጋውን የከፈሉት ዋሊያዎቹ፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾች፣ ናቸው። ቡድኑ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰው በጥር 2005 ዓ.ም. ነው፤ ደቡብ አፍሪካ ላይ። በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ይመራ የነበረው ቡድን ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጥቶበትም ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ተለያየ፤ አገር ጨፈረ። ሁለተኛው ጨዋታ ግን ብዙ ሊያስተምር ሲችል ቶሎ ተረስቷል። የቡርኪና ፋሶ ግብ ጠባቂ በቀይ ካርድ ሲወጣ ኢትዮጵያ የምትመራው በ1 ጎል ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ በ10 ሰው የቀረው ቡድን ሦስት ጎል ጨምሮ 4 ለ 0 አሸነፈ። የቡርኪናዎቹ ቁመት ቀይ ካርዱን ተከትሎ አልረዘመም። የእኛ ቡድን ነው ተግተልትሎ ወደ ፊት የወጣው፤ ከኋላ የተወውን ሰፊ ሜዳ የሚጠብቅ አልነበረም። ከአራት ቀን በኋላ እነዚያው ተጫዋቾች በኋላ ዋንጫውን የወሰደችውን ናይጄሪያን እስከ 80ኛው ደቂቃ 0 ለ 0 ይዘው ቆዩ፤ የተሸነፉት በሁለት ፍፁም ቅጣት ምቶች ነው። መከላከል ከተፈጥሯቸው የሌለ ቢሆን ኖሮ ያ 80 ደቂቃ ከየት መጣ?

በጥር 2014 ዓ.ም. ካሜሩን ባስተናገደችው የአፍሪካ ዋንጫም ነገሩ ተደገመ። ዳዋ ሆቴሳ ገና በ4ኛው ደቂቃ ባለሜዳዋ ላይ አገባ። ካሜሩን ግን ብዙም ሳትቆይ አቻ ሆነች፤ ከእረፍት በኋላ አቡበከር በሁለት ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጎል አከለ፤ ውጤቱም 4 ለ 1 ሆነ። ከአምስት ወር በኋላ ሊሎንግዌ ላይ ግን ዋሊያዎቹ ግብጽን 2 ለ 0 ሲያሸንፉ አንድም ጎል አልተቆጠረባቸውም። ችሎታው እንዳለ እንዲህ ያለው ቀን ይመሰክራል። የጎደለው በየጨዋታው እንዲደገም የሚያደርገው ልምምድ ነው።

ባህር ዳርም የራሷ ማስረጃ አላት። ሕዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. በከተማዋ ስታዲየም ኮትዲቯር 2 ለ 1 ስትሸነፍ ከጣና ዳር እስከ አባይ ማዶ ደስታ ሆነ። በየቡና ቤቱ የተወራው ስለ ሁለቱ ጎሎች ነው፤ በአውሮፓ ትልልቅ ሊጎች የሚጫወቱት የኮትዲቯር አጥቂዎች ሁለተኛ ጎል እንዳያገኙ የተሠራው ሥራ ወሬ አልሆነም። ጳጉሜን 2 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ ዚምባብዌ እዚያው 1 ለ 0 ስትረታ የመሐል ተከላካዩ አስቻለው ታመነ ጀግና ተባለ፤ የተባለው ግን በመጨረሻው ሰዓት ፍፁም ቅጣት ምት ስላገባ ነው። ዚምባብዌን ጎል የከለከለበት ዘጠና ደቂቃ ማንንም አላስጨበጨበም። ከአንድ ወር ጥቂት ካለፈ በኋላ ደቡብ አፍሪካ መጥታ በዚያው ሜዳ 3 ለ 1 አሸነፈች። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ስታዲየሙን ያገደውም በዚያው ሰሞን በመሆኑ ክርክሩ ሁሉ ወደ ሜዳው ዞረና የተከላካዩ መስመር ጉዳይ ሳይነሳ ቀረ።

የቁመቱ ነገር ጨርሶ ውሸት አይደለም። የማዕዘን ምት ሲሻማ አንድ ሜትር ከዘጠና የሚሆን አጥቂ ፊት መቆም ከባድ ነው። ነገር ግን ካፉ 1 ሜትር ከ76 ነው፤ በሌላው መስመር የነበረው ሮቤርቶ ካርሎስ 1 ሜትር ከ68። ጣሊያንን እ.ኤ.አ. በ2006 ለዋንጫ ያበቃውና የዓመቱን የወርቅ ኳስ የተሸለመው የመሐል ተከላካይ ካናቫሮም 1 ሜትር ከ76 ነው። በ2022 ከአርጀንቲና ጋር ዋንጫ የወሰደው ሊሳንድሮ ማርቲኔዝ ከካፉም ከካናቫሮም ያጥራል። እነዚህ ሰዎች አጥቂውን የሚቀድሙት ኳሱ ከመምጣቱ በፊት የት መቆም እንዳለባቸው ስለሚያውቁ ነው፤ ያንን ደግሞ ማንም ይዞት አይወለድም፣ ይማረዋል።

ትምህርቱ የሚቋረጠው ደግሞ ከታች ነው። በየሰፈሩ ሜዳ ቡድን ሲከፈል ኳስ የሚችለው ልጅ ፊት ይሆናል፤ የማይችለው ወደ ኋላ ይላካል፤ ከእሱም የባሰው በረኛ ይደረጋል። ወደ ኋላ የተላከው ልጅ ከአሠልጣኝ የሚሰማው «አውጣው!» የሚል ጩኸት ነው። ኳስን ከግብ ጠባቂ ተቀብሎ መጀመር፣ መስመር ጠብቆ አብሮ መውጣትና መመለስ፣ አጥቂን ሳይነኩ ወደ ዳር መግፋት የሚያስተምረው ሰው እምብዛም አያገኝም። ሊጉም ዓመቱን ሙሉ የሚቆጥረው የኮከብ ግብ አግቢውን ፉክክር ነው። ተከላካይ በስሙ የሚታወሰው ሲሳሳት ብቻ ነው። ያሬድ ባየህ ከኬፕ ቨርዴ ጋር ያውንዴ ላይ በ12ኛው ደቂቃ ያየውን ቀይ ካርድ የማያውቅ ደጋፊ የለም፤ ከፋሲል ከነማ ጋር በ2013 ዓ.ም. ሻምፒዮን የሆነበትን የውድድር ዓመት ግን ጨዋታ በጨዋታ የሚተርክለት ማግኘት ይቸግራል። ከዚያ ወደ ባህር ዳር ከተማ መጥቶ የጣና ሞገዶቹን ማሊያ ለብሷል፤ ከተማዋም ከእሱ ዓይነት ተጫዋች ጎሉን ብቻ ከሚቆጥር ሰው የማይገኝ ብዙ እውቀት ልታገኝ ትችላለች።

ለዚህ አዲስ ስታዲየም መጠበቅ አያስፈልግም። የባህር ዳር ከተማ የወጣት ቡድኖችም ሆኑ የዩኒቨርሲቲው ስፖርት አካዳሚ በሳምንት ሁለት ቀን አራት ልጆችን በአንድ መስመር አቁመው ያለ ኳስ አካሄድን ማስተማር ይችላሉ፤ የቆሙ ኳሶችን ማን ማንን እንደሚይዝ በስም እየጠሩ ማለማመድ ይችላሉ። ኳስ የሚችሉትንም ልጆች እንደ ቴሌ ሳንታና ከመሐል አንስተው ወደ ኋላ መስመር መውሰድ አለባቸው፤ ይህን ሲያደርጉ ለልጁም ለወላጁም ቅጣት አለመሆኑን ማስረዳት ከሥራው አንዱ ክፍል ነው።