የሚያስቅ ጦርነት ጐጂ ነውን?

ወላጆቻችንና መምህሮቻችን ስለ ኮምፒዩተር ጨዋታ ሲነጋገሩ ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሡት ተኩስ ያለበትን ጨዋታ ነው። «ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ሲገድሉ ይውላሉ፤ ነገ ምን ሊሆኑ ነው?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ እኔም አልንቀውም። ዳሩ ግን ተኩስ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ተከሳሹን ሳያዩ መፍረድም የዳኛ ወግ አይደለም። ስለዚህ ከነዚህ ጨዋታዎች አንዱን፣ ይኸውም ቲም ፎርትረስ ቱ የተባለውን የሚያስቅ ጨዋታ፣ በዚህ መጽሔት ላይ ላቀርበው አስቤአለሁ። ሐሳቤን ከአሁኑ ለመግለጥ ያህል፣ በዚህ ጨዋታ ውስጥ ሊያስፈራን የሚገባው ጠመንጃው ሳይሆን ሣጥኑ ነው። ሣጥኑ ምን እንደ ሆነ ወደ ኋላ እደርስበታለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍሁት በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

ጨዋታውን በ2007 ያወጣው በአሜሪካን አገር በዋሽንግተን ስቴት የሚገኘው ቫልቭ የተባለው ኩባንያ ነው። ሥሩ ግን ከዚያ ይርቃል። በ1996 ሦስት የአውስትራሊያ ወጣቶች ኩዌክ በተባለው ጨዋታ ላይ የራሳቸውን ለውጥ ጨምረው ቲም ፎርትረስ ብለው በነጻ አደሉት፤ ቫልቭም ከመካከላቸው ወስዶ ሥራ ሰጣቸው። ሁለተኛው ጨዋታ በ1999 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ሲታይ እውነተኛ የጦር ሠራዊት የሚመስል ኮስታራ ነገር ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ወሬው ጠፋ። በ2006 እንደገና ብቅ ሲል ያ ሁሉ ኮስታራነት ተጥሎ፣ አገጫቸው የሰፋ፣ እጃቸው የገዘፈ፣ ከኮሚክ መጽሐፍ ዘለው የወጡ የሚመስሉ ዘጠኝ ሰዎች ቀረቡ። እነሱም ቃፊሩ፣ ወታደሩ፣ እሳት ለኳሹ፣ ፈንጂ ጣዩ፣ ባለ መትረየሱ ግዙፍ ሰው፣ መሐንዲሱ፣ ሐኪሙ፣ አነጣጥሮ ተኳሹና ሰላዩ ናቸው።

የሚዋጉበት ምክንያት ራሱ ቀልድ ነው። ዜፈናያ ማን የተባለ አባት መሬቱን ሬድመንድና ብሉታርክ ለተባሉ መንታ ልጆቹ አውርሶ ይሞታል። መሬቱ ጠጠር ብቻ ነው፤ ምንም አያበቅልም፣ ምንም አይወጣበትም። መንትዮቹ ግን አንዱ የሌላውን ድርሻ ለመንጠቅ ቅጥረኞችን ይገዛሉ፤ አንዱ ቀይ፣ ሌላው ሰማያዊ ያለብሳል። ዘጠኙ ዓይነት ሰዎች በሁለቱም ወገን ያሉ ናቸው፤ ፊታቸውም አንድ፣ ድምፃቸውም አንድ ነው። ከሁሉ የሚገርመው፣ ሁለቱንም ጦር በስውር የምታዝዘው አንዲት ሴትዮ መሆኗ ነው። እሷም ብዙ ቴሌቪዥን ተደርድሮላት ሁለቱን ወገን እያየች በድምፅ ማጉያ ትቆጣለች። በውርስ መሬት ወንድም ወንድሙን ሲከስ ማየት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለምና፣ ይህን ታሪክ ሳነብ ከፈረንጆቹ አብዝቼ ሳልስቅ አልቀረሁም።

ሥዕሉ ለጌጥ ብቻ የተሠራ እንዳይመስላችሁ። ሠዓሊዎቹ መነሻ ያደረጉት በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአሜሪካን መጽሔቶችንና ማስታወቂያዎችን ይሥሉ የነበሩትን እነ ላየንዴከርንና ሮክዌልን ነው። ዋናው ሐሳባቸው፣ ተጫዋቹ ከሩቅ ጥላ ብቻ ቢያይ እንኳ የመጣበትን ሰው እንዲለይ ነው። 125 ነጥብ ጤና ያለው ቃፊር ቀጭንና ፈጣን ነው፤ 300 ያለው ባለ መትረየስ እንደ ቁም ሣጥን ሰፍቶ ዝግ ብሎ ይራመዳል። የቀዮቹ ሰፈር በሞቀ ቀለም፣ በእንጨትና በሰያፍ መስመር ተሠርቷል፤ የሰማያዊዎቹ በቀዘቀዘ ቀለም፣ በብረትና በቀጥተኛ መስመር። ስለዚህ ተጫዋች መንገድ ቢጠፋው ግድግዳውን አይቶ በየትኛው አገር እንዳለ ያውቃል። ኮስታራው ጨዋታ ይህን ማድረግ አይችልም፤ እዚያ ወታደሩ ሁሉ አንድ ዓይነት አፈር የመሰለ ልብስ ለብሷልና ወዳጅን ከጠላት ለመለየት በስም ጽሑፍ መታገዝ ያስፈልጋል።

ደግሞም ቀልዱ ከአጨዋወቱ ጋር የተሰፋ ነው። ወታደሩ በገዛ እግሩ ሥር ሮኬት ተኩሶ፣ በፍንዳታው ኃይል ተወርውሮ ጣራ ላይ ይወጣል። በእውነተኛ ሰው ይህ ሞት ነው፤ በኮሚክ ግን መሰላል ነው። ሰላዩ የጠላትን መልክ ሲይዝ፣ ጠላቶቹ እውነተኛ ጓደኛቸውን ያያሉ፤ የራሱ ወገኖች ግን ፊቱ ላይ የተለጠፈ የወረቀት ጭምብል ያያሉ። ባለ መትረየሱ ሲርበው ሳንድዊቹን አውጥቶ በጦርነቱ መካከል ይበላል፤ ጤናውም ይመለስለታል። በ2007 በወጣው አጭር ፊልም ይኸው ሰው መሣሪያውን ለ12 ሴኮንድ መተኰስ 400,000 ዶላር እንደሚያስወጣ በኩራት ይነግረናል። ስለ መንግሥታት የጦር መሣሪያ ወጪ ጋዜጣ ያነበበ ሰው እዚህ ላይ ሳቁ ትንሽ ይመርረዋል።

አሁን ወደ ወላጆቻችን ጥያቄ ልመለስ። ግድያን እያሳቁ ማቅረብ ልብን አያደነድንምን? ጥያቄውን የጨዋታው ሠሪዎች ራሳቸው ያነሡት ይመስለኛል። በ2012 ስለ እሳት ለኳሹ አንድ አጭር ፊልም አውጥተዋል። ይህ ሰው ፊቱ በጭምብል ስለ ተሸፈነ ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም። በፊልሙ ውስጥ እሱ የሚያየው ዓለም የከረሜላና የቀስተ ደመና አገር ነው፤ የሚያጫውታቸው ክንፍ ያላቸው ሕፃናት ናቸው፤ ከመሣሪያውም ውብ ቀስተ ደመና ይወጣል። ከዚያ ሥዕሉ ይለወጥና እውነቱ ይታያል፤ ከተማው እየነደደ ነው፣ ሕፃናት የመሰሉትም እሳት የበላቸው ሰዎች ናቸው። እኔ ይህን ፊልም መጀመሪያ ስቄ አየሁት፤ ሁለተኛ ጊዜ ሳየው አልሳቅሁም። ጦርነትን ጣፋጭ አድርጎ የሚያይ ዓይን ምን ዓይነት እንደ ሆነ በሦስት ደቂቃ ገደማ ከዚህ አብልጦ የሚያስረዳ ነገር አላየሁም። እውነተኛ ነን የሚሉት ጨዋታዎች የጠመንጃውን ስምና ድምፅ ሳያጓድሉ ያቀርባሉ፤ ተኳሹን ጀግና፣ ጦርነቱንም ክብር ያደርጉታል። የከረሜላው መነጽር ያለው ማን ዓይን ላይ ነው?

ከክፍላችን አንድ ጓደኛ አለኝ። በ2020 በሰሜን የተነሣው ጦርነት ቤተሰቡን ከኖሩበት ያነሣባቸው ነው። አንድ ቀን እውነተኛ ውጊያ የሚያስመስል ጨዋታ ስንከፍት የመትረየሱን ድምፅ ሰምቶ ተነሥቶ ወጣ። ይህኛውን ግን አብሮን ይጫወታል። ለምን እንደ ሆነ ብጠይቀው «ይኼ እኮ እንደዚያ አይደለም» አለኝ፤ ከዚህ በላይ አልጠየቅሁትም።

እንዲህ ስል ሳቅ ሁሉን ነገር ያነጻል ማለቴ አይደለም። ተጫዋቹ ሲሞት ምስሉ ለአንድ አፍታ ይቆምና ገዳዩን ያሳየዋል፤ በፈንጂ ከሞተም የተበተኑት የአካሉ ክፍሎች ላይ ቀስት እያመለከተ ይህ ያንተ እግር ነው፣ ይህ ያንተ ጣፊያ ነው የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ይህ ቀልድ ለእኔ አይጥመኝም። በጀርመን አገር ለመሸጥ በተዘጋጀው ግን ከሥጋው ፋንታ ጥርስ ያለው ጎማ፣ ሞላ፣ የላስቲክ ዳክዬና ሃምበርገር ይበተናል። ሠሪው እኔ ብሆን ለዓለም ሁሉ የጀርመኑን እሸጥ ነበር፤ ከደሙ ይልቅ ዳክዬው ያስቃልና። እንዲሁም አንዲት የክፍላችን ልጅ «ከዘጠኙ አንዲት የታወቀች ሴት የለችም፤ ሴትዮዋ ከላይ ሆና ለመቆጣት ብቻ ናት?» ብላ ጠይቃኝ የምመልሰው አጣሁ።

እነሆ ወደ ሣጥኑ ደረስሁ። ጨዋታው ሲወጣ በገንዘብ ይሸጥ ነበር። በ2010 በውስጡ ሱቅ ተከፈተ፤ በ2011 ደግሞ ጨዋታው ለማንም ያለ ዋጋ ተለቀቀ። ያለ ዋጋ ከሆነ ኩባንያው ከየት ይበላል? መልሱ ከባርኔጣ ነው። ተጫዋቹ ሲጫወት ቆይቶ የተቆለፈ ሣጥን በነጻ ያገኛል። የሣጥኑ ቁልፍ ግን 2.49 ዶላር ነው። ቁልፉን ገዝቶ ሲከፍት የሚያገኘው ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ከቁልፉ ዋጋ ያነሰ ነው፤ በጣም ጥቂት ጊዜ ግን በአናቱ ላይ እሳት ወይም ኮከብ የሚያበራ ባርኔጣ ይወጣል። ይህ ባርኔጣ በውጊያው ላይ አንዳች ኃይል አይጨምርም፤ ሆኖም ሰዎች በመቶ፣ አንዳንዴም በሺህ በሚቈጠር ዶላር ይገዙታል። ሣጥኑ ወዲያው አይከፈትም፤ አምስት፣ አራት፣ ሦስት እያለ ወደ ኋላ ይቈጥራል። የወጣውም ዕቃ አብረው ለሚጫወቱት ሁሉ ከነስምህ ይታወጃል፤ ጎረቤትህ ዕድል እንደ ቀናው ስታይ አንተም ቁልፍ እንድትገዛ ነው። በጁላይ 2019 በስሕተት አንዳንድ የቆዩ ሣጥኖች የሚያበራውን ባርኔጣ ያለ ማቋረጥ መስጠት ጀመሩ። ስሕተቱ ቶሎ ቢታረምም ገበያው ወደቀ፤ ብዙ ገንዘብ አፍስሰው ባርኔጣ ያከማቹ ሰዎች ሀብታቸው ሲቀልጥ ተመለከቱ።

ይህ ቁማር ካልሆነ ቁማር ምንድን ነው? የቤልጅግ የቁማር ኮሚሽን በ2018 ኦቨርዋችና ካውንተር ስትራይክን ጨምሮ በአንዳንድ ጨዋታዎች ውስጥ ያለውን የዚህን ዓይነት ሣጥን መርምሮ፣ በአገሩ ሕግ ቁማር ነው ብሏል። ካውንተር ስትራይክም የዚያው የቫልቭ ንብረት ነው። በከተማችን መንገድ ዳር ያሉትን የኳስ ውርርድ ቤቶች አይቶ የማይቆጣ ወላጅ አላውቅም። ልጁ ግን አሜሪካን አገር ያለችውን አክስቱን «ትንሽ ዶላር ላኪልኝ፣ ለጨዋታ ነው» ሲላት ማንም አይጠራጠርም፤ ለጨዋታ ተብሏልና! እኔን የሚያበሳጨኝ ቀልዱ እዚህ ላይ ወገን መለወጡ ነው። ስለ ጦርነቱ ሲሆን ቀልዱ የሁለቱን ስግብግብ ወንድማማቾች ሞኝነት ገልጦ ያሳየናል። ሱቁ ዘንድ ሲደርስ ግን ባለ ሱቁን ሳክስተን ሄል የሚባል ሸሚዝ የማይለብስ ጡንቸኛ አውስትራሊያዊ አድርጎ ያስቀን ጀመር፤ እየሳቅን ኪሳችንን እንድንከፍት። በጠመንጃው ላይ የሳቅነው ሳቅ ዓይናችንን ከፍቶ ነበር፤ በሣጥኑ ላይ የምንስቀው ግን ይሸፍነዋል። ይህን ሳስብ ጨዋታውን ብወደውም ኩባንያውን ለማመስገን አፌ አይፈታም።

ኩባንያው ሌላም ወቀሳ አለበት። ከ2020 ገደማ ጀምሮ ራሳቸውን የሚያንቀሳቅሱ፣ ዒላማ የማይስቱ የማጭበርበሪያ ፕሮግራሞች ሜዳውን ሞልተው ሰው መጫወት ተቸግሮ ነበር። ተጫዋቾቹ በ2022 አቤት አሉ፤ በ2024 ደግሞ ከ300,000 የሚበልጡ ሰዎች ስማቸውን በጻፉበት አቤቱታ እንደገና ጮኹ፤ በዚያው ዓመት ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ተባረሩ። ሱቁ ግን በነዚያ ዓመታት ሁሉ ክፍት ነበር። የተጫዋቾቹ ፍቅር ምን ያህል እንደ ሆነ ከዚህም ይታወቃል፦ የወታደሩ ድምፅ የሆነው ተዋናይ ሪክ ሜይ በኤፕሪል 2020 በኮሮና በሽታ ሲሞት፣ በጨዋታው ሜዳዎች ላይ እጁን አንሥቶ ሰላምታ የሚሰጥ የወታደሩ ሐውልት ቆመለት። ጨዋታውን የተከተለው የኮሚክ ታሪክም፣ ስድስተኛው ክፍል በ2017 ከወጣ በኋላ ለዓመታት ተቋርጦ፣ ሰባተኛውና የመጨረሻው በዲሴምበር 2024 ወጣ። ያልጠበቀው ሰው ብዙ ነበር፤ እኔ አንዱ ነኝ።

መሞከር ለሚፈልጉ ጓደኞቼ ጥቂት ልጨምር። ጨዋታው ያረጀ ስለ ሆነ ባረጀ ኮምፒዩተርም ይሠራል። ኢንተርኔት ሲደክም ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚለማመዱበት ክፍል አለው፤ ከባዕዳን ጋር ስትጫወቱ ግን የሌሎቹን ድምፅ መዝጋት አትርሱ፤ አፋቸው ከመትረየሱ የከፋ ብዙዎች አሉ። ጀማሪ ብዙውን ጊዜ ወታደሩን ይመርጣል፤ እኔ ሐኪሙን እመርጥላችኋለሁ። የሕክምና መሣሪያው ወደ ጓደኛ ከተመራ በኋላ ራሱ ይከተለዋል እንጂ ጥንቃቄ ያለው ማነጣጠር አይፈልግም። በማከም ብዛት ኃይሉ ሲሞላም ሐኪሙና የሚያክመው ሰው ለ8 ሴኮንድ ጥይት አይነካቸውም። ያን ጊዜ ከባለ መትረየሱ ኋላ ኋላ እየተከተላችሁ ሜዳውን ታጠናላችሁ።