ሸጎሌ የሰው ስም ነው

አዲስ አበባ በሄድኩ ቁጥር የታክሲ ረዳት «ሸጎሌ! ሸጎሌ!» እያለ ሲጣራ እሰማለሁ። ውድ አንባቢያን፣ ይህ የእኛው የአሶሳ ሰው ስም መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? ሼህ ሖጀሌ አልሐሰን የአሶሳ ገዥ ነበሩ። ራስ መኮንን በ1890 ዓ.ም. ቤኒሻንጉልን ካስገበሩ በኋላ ሼሁ አዲስ አበባ ታስረው ቆዩ። ኋላ ተፈትተው ለአፄ ምኒልክ ወርቅ እየገበሩ አገራቸውን አስተዳደሩ። አዲስ አበባ ቤት ስለነበራቸው ሰፈሩ በስማቸው ተጠራ፤ ሰው አፍ ላይ ሲመላለስ ግን «ሼህ ሖጀሌ» ተጨፍልቆ «ሸጎሌ» ሆነ።

ታዲያ እዚህ አሶሳ መናኸሪያ የወረደ እንግዳ ይህንን ታሪክ በእግሩ ልከተል ቢል ምን ይዞ ይሄዳል? እኔ ፈልጌ አንዲት ወረቀት እንኳ አላገኘሁም። የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው፦ ፊትና ጀርባዋ የታተመ አንድ ወረቀት፣ በእጅ የተሳለ ካርታ፣ በአማርኛና በበርታኛ አጭር ጽሑፍ። ሰውየው አስጎብኚ ሳይቀጥር በራሱ ሰዓት ይዞራል፣ ሲደክመው ማንጎ ጥላ ሥር ያርፋል። (ማንጎ ደግሞ በአሶሳ አይታማም!)

ይህን ስናገር አንድ የክፍሌ ልጅ ሳቀብኝ። «ሐረር ግንብ አላት፤ እኛ ምን አለንና ነው?» አለ። እውነት ነው፣ ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ እዚያ ድንጋዩ ራሱ ይናገራል። የእኛ ከተማ ታሪክ ግን ካልተነገረ አይታይም፤ ወረቀቷ የምታስፈልገውም ለዚሁ ነው። የቤልጅግ ኮንጎ ወታደሮች መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. አሶሳን ከጣሊያን እንዳስለቀቁ አስፋልቱን አይተህ አታውቅም። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ዙሪያችን ለምን እንደሚኖሩም ማንም በራሱ አይገልጽልህም። ገበያው ውስጥ ወርቅ ይዘው የሚመጡት እናቶች ያንን ወርቅ ከአሸዋ እያጠቡ እንዳወጡት እንግዳው በምን ያውቃል?

እኔን በጣም ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። ስለ ሼህ ሖጀሌ ምን እንጻፍ? ግርማቸውን ብቻ መጻፍ ይቀላል። ነገር ግን ኃይላቸው በወርቅ ብቻ ሳይሆን በባሪያ ንግድም የቆመ ነበር። በርታው፣ ጉሙዙ፣ ማኦው፣ ኮሞው በዚያ ዘመን ልጆቹን ተነጥቋል። የሱዳን የእንግሊዝ ሹማምንት የሼሁን ባለቤት የሲት አምናን ስም ከዚሁ ንግድ ጋር አያይዘው በመዝገባቸው አስፍረዋል። ዛሬ የገዢውም የተሸጠውም ዘመድ በአንድ ገበያ ይገናኛል፤ ምናልባት በአንድ ክፍልም እንማራለን።

አንዳንዶች «ተወው፣ ቁስል አትቀስቅስ» ይሉኛል። አስጎብኚ ቢሆን የሰሚውን ፊት አይቶ ቃሉን ያለሰልሳል፣ ወይም ይዘላል። የታተመ ወረቀት ግን ለሁሉም አንድ ቃል ነው የሚናገረው፤ የሼሁ ዘርም የተሸጠችው ሴት የልጅ ልጅም ያነቡታል። ስለዚህ ሁለቱም ሲያነቡት «ውሸት ነው» የማይሉት መሆን አለበት። እኔ ይጻፍ ባይ ነኝ፣ ያውም የሼሁ ስም ባለበት በዚያው ገጽ ላይ እንጂ ከታች በትንሽ ፊደል አይደለም።

ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ጓደኞቼን ይዤ ሞከርኩት። ደብተርና እስክርቢቶ ይዘን ገበያውን ዞርን፤ ያገኘናቸውን ሽማግሌዎች «አባባ፣ ድሮ እዚህ ምን ነበር?» እያልን ጠየቅን። አንዱ ያሉትን ሌላው አፈረሱት፣ ቡናው ላይ ክርክር ሆነ፣ እኛም ሁለቱንም ጻፍን። አንድ አባት ግን ስለ ባሪያው ዘመን ስንጠይቃቸው ዝም ብለው ሲኒውን አስቀመጡና የእናታቸውን እናት ስም ነገሩን። ከየት እንደመጡ አልነገሩንም። እኛም አልገፋናቸውም።

ረቂቁ ዲፓርትመንታችን በር ላይ ተለጥፏል፤ ሦስት ማረፊያ አለው፣ አራተኛው ባዶ ነው። አያቱ አሶሳ ያደጉለት ተማሪ ካለ ሳይረፍድ ያናግረን፤ ከሰዓት በኋላ እዚያው ነን።