የእከክ ክኒን ለቤተሰቡ ሁሉ፣ ያውም ሁለት ጊዜ

ከ2008ቱ ድርቅ ጋር ተያይዞ በአማራ ክልል የእከክ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተመርምረው 379 ሺህ ያህሉ ታመው ተገኝተዋል። ከሦስት ሰው አንዱ መሆኑ ነው። ድርቅ፣ መፈናቀልና የውኃ እጥረት ባለበት ሁሉ በሽታው ተመልሶ ይመጣል። እኛ ግን ዛሬም ወረርሽኝ ካልተባለ አንነሣም።

የተለመደው ሕክምና ቅባት ነው። ከአንገት በታች ገላን በሙሉ ተቀብቶ ማደርን ይጠይቃል። ስድስት ሰው በአንድ ክፍል በሚያድርበት መጠለያ ማን ልብሱን አውልቆ ይቀባል? እናት ያገኘችውን አንድ ጠርሙስ ለሚያለቅሰው ልጇ ታውለዋለች፤ ሌላው እንዳለ ያድራል። ማሳከኩ የሚጀምረው ደግሞ ተባዩ ከቆዳ ከገባ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ስለሆነ፣ ገና ያላሳከከውም ሰው ያስተላልፋል። የዳነው ልጅ በዚያው ብርድ ልብስ ውስጥ እንደገና ይያዛል።

የሚዋጠው አይቨርሜክቲን ይህን ችግር ያቃልላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ለእከክ ሕክምና በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ አስገብቶታል። በፊጂ ደሴቶች በተካሄደ ጥናት ለማኅበረሰቡ በሙሉ ሲሰጥ፣ የበሽታው ስርጭት በአንድ ዓመት ውስጥ ከ32 በመቶ ወደ 2 በመቶ ገደማ ወርዷል። ለአገራችንም እንግዳ አይደለም፤ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ወረዳዎች ለዓይነ ስውርነት ለሚዳርገው የኦንኮሰርኪያሲስ በሽታ መከላከያ በቁመት መለኪያ ዘንግ እየተለካ ለዓመታት ሲታደል ኖሯል። አምራቹ ኩባንያ በነጻ የሚለግሰው ግን ለዚያና ለዝሆኔ በሽታ ነው፤ የእከኩን ራሳችን መግዛት አለብን።

ስለዚህ አቋማችን ግልጽ ነው። ጤና ሚኒስቴርና የክልል ጤና ቢሮዎች ክኒኑን በመደበኛ በጀት ይግዙ፤ ለታመመው ብቻ ሳይሆን አብሮት ለሚኖረው ሁሉ በአንድ ቀን ይስጡ። መድኃኒቱ የተባዩን እንቁላል ስለማይገድል፣ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሚሰጠው ሁለተኛ ዙር አብሮ ይታቀድ። ነፍሰ ጡሮችና ከ15 ኪሎ በታች የሆኑ ሕፃናት ክኒኑን ስለማይወስዱ ቅባቱ ለእነሱ ይቅረብላቸው። ለከብት የተዘጋጀውን የአይቨርሜክቲን መርፌ ለሰው የሚሸጥም በሕግ ይጠየቅ።

የአንድ ዙር ዘመቻ ለሪፖርት ያምር ይሆናል። ሁለተኛው ዙር የሌለበት ዕቅድ ግን ሊጸድቅ አይገባም።