የተማሪው ገንዘብና የተማሪው ጊዜ፦ ከጀርመን ለአገር ቤት ወገኖች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ



ይህ ደብዳቤ የተጻፈው በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች የሚማረው ኢትዮጵያዊ ወጣት ስላለበት የገንዘብና የጊዜ ሁኔታ አገር ቤት የሚታሰበውና በእርግጥ ያለው ነገር እጅግ በመራራቃቸው፣ የመራራቁም ዋጋ በመጨረሻ የሚከፈለው በተማሪው ፈተና ላይ በመሆኑ ነው። በደብዳቤው የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጀርመን ትምህርት በነጻ የሚገኝባት አገር ናት የሚለው ወሬ መሠረት አለው። ከ2014 ወዲህ አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከውጭ አገር ተማሪም ጭምር የትምህርት ክፍያ የማይጠይቁ ሲሆን፣ በየሴሚስተሩ የሚሰበሰበው መዋጮ ለተማሪ አገልግሎቶችና ብዙ ጊዜም ለከተማ ትራንስፖርት የሚውል ነው። ይሁን እንጂ ባደን ቩርተምበርግ የተባለው ክፍለ ግዛት ከ2017 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሚመጡ ተማሪዎች በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል፤ የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲም በ2024 እንደየትምህርቱ ዓይነት በሴሚስተር ከ2,000 እስከ 6,000 ዩሮ የሚደርስ ክፍያ ጀምሯል።

ዩኒቨርሲቲው ክፍያ ባይጠይቅም መንግሥት ተማሪው በምን እንደሚኖር አስቀድሞ ማወቅ ይሻል። ስለዚህ ስኮላርሺፕ ወይም በጀርመን የሚኖር ዋስ የሌለው አመልካች ቪዛ የሚያገኘው፣ ለአንድ ዓመት የሚበቃ ገንዘብ ተማሪዎች «ብሎክድ አካውንት» በሚሉት፣ ማለትም ባለቤቱ እንኳ በፈለገ ጊዜ ሊያወጣበት በማይችለው የባንክ ሒሳብ ሲያስቀምጥ ነው። መጠኑ ከ2024 መስከረም ጀምሮ 11,904 ዩሮ ሲሆን በየወሩ የሚለቀቀው 992 ዩሮ ብቻ ነው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2024 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዶላር ይፋዊ ዋጋ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ዓመት ሳይሞላ ከእጥፍ በላይ ስለሆነ፣ ዩሮውም አብሮ ስለ ወጣ፣ ይህን ያህል ገንዘብ ማሰባሰብ በመንግሥት ደመወዝ ለሚተዳደር ቤተሰብ ከአቅም በላይ ሆኗል። ስለዚህ እቁብ ይጣላል፣ መኪና ይሸጣል፣ ዐረብ አገር ያለች እኅት ወይም አሜሪካ ያለ አጎት ይለመናል፤ በዚህም ምክንያት ተማሪው ከቦሌ ሲነሣ የብዙ ሰው ዕዳ ተሸክሞ ነው። ከሁሉም የከፋው ግን ገንዘቡ ለቪዛው ሲባል ብቻ በብድር የሚቀመጥበት አሠራር ነው፤ ምክንያቱም ለቤት ኪራይና ለምግብ የታሰበው 992 ዩሮ በየወሩ እንደ ተለቀቀ ወደ አበዳሪው ስለሚመለስ፣ ተማሪው ሕጉ ከችግር እንዲጠብቀው ባዘጋጀው ሒሳብ ምክንያት ባዶ እጁን ይቀራል።

ብድር የሌለበት ተማሪም ቢሆን ከዚህ ገንዘብ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ኪራዩ እንደየከተማው ይለያያል፤ በሙኒክ አንዲት ጠባብ ክፍል የወሩን ገንዘብ ግማሽና ከዚያም በላይ ልትወስድ ትችላለች። የጤና መድን ግዴታ ሲሆን ለተማሪ የተቀነሰው ክፍያ በወር ከ140 ዩሮ በላይ ነው፤ ይህም ቅናሽ በ30 ዓመት ዕድሜ የሚያበቃ በመሆኑ፣ አገር ቤት ለዓመታት ሠርተው ለማስተርስ የሚመጡትን ወገኖች ብዙ ጊዜ ሳያስቡት ከፍ ያለ ክፍያ ይጠብቃቸዋል።

«ታዲያ ለምን አይሠራም?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ መልሱም በሕግ የተወሰነ ነው። በ2024 መጀመሪያ የተሻሻለው ሕግ ተማሪው በዓመት 140 ሙሉ ቀናት ወይም 280 ግማሽ ቀናት እንዲሠራ ይፈቅዳል፤ ግማሽ ቀን የሚባለው ከአራት ሰዓት የማይበልጥ ሥራ ሲሆን፣ ተማሪዎች «ሂቪ» የሚሉት በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሚሠራ የረዳትነት ሥራ በዚህ ቁጥር አይገባም። በ2025 ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 12.82 ዩሮ ስለነበር፣ 140ውን ቀን በሙሉ በየቀኑ ስምንት ሰዓት የሠራ ተማሪ በዓመቱ ያገኘው ድምር ከ14,400 ዩሮ አይበልጥም፤ ይህም መንግሥት ለአንድ ሰው መኖሪያ ያስፈልጋል ካለው እምብዛም አይርቅም። ከዚህ ላይ ለቤተሰብ የሚላከው ገንዘብ ከትርፍ የሚወጣ ሳይሆን ከኪራይ፣ ከምግብ ወይም ከእንቅልፍ የሚቀነስ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሰጥም ጀርመንኛ የማይችል ተማሪ በቀላሉ የሚያገኘው ሥራ በመጋዘን ዕቃ ማንሣት፣ በምግብ ቤት ሳህን ማጠብ ወይም በብስክሌት ምግብ ማድረስ ሲሆን፣ ሌሊቱን በመጋዘን ያሳለፈ ሰው ጠዋት የሚሰጠውን ትምህርት መከታተል ይሳነዋል።

አገር ቤት ብዙም የማይታወቀው ትልቁ ጉዳይ ደግሞ የፈተናው ደንብ ነው። በብዙ የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች አንድን ፈተና መውሰድ የሚቻለው በተወሰነ ቁጥር፣ አብዛኛውን ጊዜም ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። በመጨረሻው ዕድል የወደቀ ተማሪ ከትምህርቱ ይሰናበታል፤ ያንኑ ትምህርት በሌላ የጀርመን ዩኒቨርሲቲ ለመቀጠልም በመሠረቱ አይፈቀድለትም፤ የመኖሪያ ፈቃዱም የተሰጠው ለዚያ ትምህርት ስለሆነ አብሮ አደጋ ላይ ይወድቃል። ለበዓል የተላከ 200 ዩሮ ቤተሰቡን ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ያ ገንዘብ የተገኘው በፈተና ሰሞን በተጨመረ የሌሊት ሥራ ከሆነ፣ ተማሪው ለእርሱ የከፈለው ዋጋ ዲግሪው ሊሆን ይችላል።

የተማሪው የዕዳ ሸክም ከጥንት ጀምሮ በዚህ መልኩ የነበረ አይደለም። በራስ ተፈሪ፣ በኋላም በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ወደ ውጭ ይላኩ የነበሩት ወጣቶች ወጪያቸው በአብዛኛው በመንግሥት ይሸፈን ስለነበር ዕዳቸው አገልግሎት ነበር፤ በአሜሪካ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ያጠኑት ዶክተር መላኩ በያን ወደ አገራቸው ተመልሰው ጣልያን በወረረ ጊዜ በኦጋዴን ግንባር በሐኪምነት ማገልገላቸው የዚህ ዓይነቱ ዕዳ አከፋፈል ምሳሌ ነው። የዛሬው ተማሪ ባለዕዳነቱ ለእናቱ፣ ለአጎቱና ለእቁብ ሰብሳቢው ነው፤ እነርሱም ችግር ሲያንገላታቸው ዲግሪው እስኪገኝ እንዲታገሡ መጠየቅ ከባድ መሆኑን ውጭ ያለው ወገን ይረዳል። ሆኖም የጀርመን ሕግ ራሱ ዕዳው የሚከፈልበትን ጊዜ ያመለክታል፤ የተመረቀ ተማሪ ለሙያው የሚስማማ ሥራ እንዲፈልግ የ18 ወር የመኖሪያ ፈቃድ ሊሰጠው ስለሚችል፣ በዚያም ጊዜ ያለ ቀን ገደብ መሥራት ስለሚፈቀድለት፣ ቤተሰብ እርዳታን መጠበቅ የሚገባው ከዚያ ወዲህ ነው።

ጥፋቱ የአገር ቤት ብቻ አይደለም። ውጭ ያለው ተማሪ ፈተና መውደቁን ደብቆ በሰው መኪና አጠገብ የተነሣውን ፎቶግራፍ ሲልክ፣ ቀድሞት የሄደውም ወገን የመጀመሪያዎቹን ዓመታት እንዴት እንዳለፈ ሳይናገር ለእረፍት ሲመጣ በልግስና ብቻ ሲታይ፣ ቤተሰቡ ሌላ ምን ሊያስብ ይችላል? ስለዚህ የመግቢያ ደብዳቤ የደረሳቸው ወጣቶችና ወላጆቻቸው ለቪዛ ቀጠሮ ከመሄዳቸው በፊት አብረው ተቀምጠው በ11,904ቱ ዩሮ ውስጥ ስንቱ የራስ፣ ስንቱ የብድር እንደሆነ በግልጽ ይነጋገሩ፤ ብድር ካለም የመክፈያው ጊዜ ከምረቃ በኋላ እንዲሆን ከአበዳሪው ጋር በጽሑፍ ይስማሙ፤ ይህ የማይቻል ከሆነም ጉዞውን ለአንድ ዓመት አዘግይቶ ያን ጊዜ በአዲስ አበባ በጎተ ኢንስቲትዩት ወይም በሌላ ቦታ ጀርመንኛ ለመማር ማዋል፣ ባዶ ሒሳብ ይዞ ከመሄድ እጅግ ይሻላል።

በጀርመን ከሚኖሩ ወገኖቻችሁ