ገበያው ሳይበተን እንምረጥ

ረቡዕ ዕለት ሮብ ገበያን ከጥግ እስከ ጥግ ሲዞር የዋለ ሸማች ጨው ሳይገዛ ገበያው ይበተንበታል። በዚህ ሰው ለመሳቅ ግን እኛ የኮምፒዩተር ዕጩ መምህራን አፍ የለንም። «ቪም ይሻላል»፣ «የለም ኢማክስ ነው»፣ «ማውዝ እያለ ምን አደከመን» ስንባባል የልምምድ ሰዓታችን እኮ እያለቀ ነው!

ለመሆኑ ኤዲተር የምንለውን የፕሮግራም መጻፊያ የምንመርጠው በምን መለኪያ ነው? በእኛ አስተያየት መለኪያው ነገ የምንመደብበት ትምህርት ቤት ነው። እዚያ አሮጌ ኮምፒዩተር፣ ኔትወርክ የሌለው ክፍልና ድንገት ድርግም የሚል መብራት ሊጠብቀን ይችላል። ከመካከላችን ለማስተማር ልምምድ የወጡት ይህንኑ አይተዋል። ተማሪዎች አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ የለፉበት ፕሮግራም ሴቭ ሳይደረግ መብራት ሄደና ድካማቸው ሁሉ ውሃ በላው።

በዚህ መለኪያ ቪምን እንመርጣለን። አንደኛ፣ ለአሮጌ ኮምፒዩተር አይከብድም። ቀዳሚው ቪአይ በ1976 እ.ኤ.አ. በቢል ጆይ ሲጀመር የታሰበው ለዘገምተኛ የስልክ መስመርና ማውዝ ለሌለው ተርሚናል ነበር። ኤች፣ ጄ፣ ኬና ኤል ከርሰር የሚያንቀሳቅሱትም በዚያ ተርሚናል ላይ የአቅጣጫ ቀስቶቹ የታተሙት በእነዚሁ ቁልፎች ላይ ስለነበር ነው። ሁለተኛ፣ ሴቭ ባናደርግም ወደ 200 ፊደል ስንጽፍ ወይም እጃችንን 4 ሰከንድ ስናሳርፍ በጎን መጠባበቂያ ይይዛል፤ መብራት ሲመለስ «ሪከቨር» ብለን አብዛኛውን እናስመልሳለን። ሦስተኛ፣ ቪምቲዩተር የተባለው መለማመጃ ያለ ኔትወርክ በ30 ደቂቃ ገደማ ያስጀምራል። ዋጋውስ? በነፃ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. ያወጣውና በ2023 ያረፈው ብራም ሞሌናር ተጠቃሚዎቹን የጠየቀው በኡጋንዳ ኪባሌ ያሉ ችግረኛ ሕፃናትን እንዲረዱ ብቻ ነበር።

«ይከብዳል፤ መውጫው እንኳ አይታወቅም» የሚሉ ጓደኞቻችን አልዋሹም። የመጀመሪያው ሳምንት ከማውዝ ይዘገያል። ለመውጣት ኢስኬፕ ተጭኖ ኮለን፣ ኪው፣ ቃለ አጋኖ መጻፍና ኢንተር መምታት ነው፤ ግን ሴቭ ያልሆነው ይቀራል። ኪቦርዱ በግዕዝ ፊደል ላይ ከሆነም ትእዛዝ ስለማይቀበል ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ያሻል። ይሁን እንጂ ድሮ ታይፕ የተማሩ ጸሐፊዎች ፊደሉን ሳያዩ መምታት የቻሉት በአንድ ቀን ነው እንዴ? ጣት የሚማረው በመደጋገም ነው።

ስለሆነም በየልምምዱ ሰዓት መጀመሪያ 15 ደቂቃ ማውዙን ገለል አድርገን እንለማመድ። መምህራኖቻችንም ይህችን ጊዜ ይፍቀዱልን። ኢማክስን የለመደ ካለ ይተወው አንልም፤ የያዘውን ያጥብቅ። የምንለው አንድ ነው፦ አስተማሪው ራሱ ቁልፍ ሲፈልግ ደወል ከተደወለ፣ ተማሪው ምን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል?